ወደ ቀኝ ሁለት ዙር

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መኪና ሞላ ነው። ሞላ በመኪናው አካልና በጎማው መካከል ተጠምጥሞ የሚቀመጥ፣ የመንገዱን ጉድጓድና ድንጋይ የሚውጥልን ብረት ነው። እሱ ባይኖር መንገዱ በቀጥታ አከርካሪያችን ላይ ይደርሳል። ይህን ማንም መካኒክ ያውቀዋል። እኔ ያወቅሁበትን መንገድ ግን ለሚስቴም ሳልነግራት ኖሬያለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ፣ የሀብታም ልጆች የውድድር መኪናቸውን የሚያሠሩበት ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ልጆቹ ተበተኑ፣ ጋራዡ ተወረሰ፣ እኔም ወልድያ የመንግሥት ጋራዥ ተመደብኩ። እዚያ የሚገባው ሁሉ የጭነት መኪናና ትራክተር ነው። ቀኑን ሙሉ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያንን የከባድ መኪና ዝርግ ሞላ፣ ስፈታና ስገጥም እውላለሁ። ባሕርዬን አልደብቃችሁም፤ ትዕቢተኛ ነበርኩ። የሥራ ባልደረቦቼን ገበሬ እያልኩ በሆዴ እንቃቸው ነበር።

አልጋዬ ስር አንድ የእንጨት ሳጥን ነበረኝ። ውስጡ አራት አጫጭር የውድድር ሞላዎችና አራት አሞርዛተሮች በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አሞርዛተር የሞላውን ዝላይ የሚገታው ቱቦ ነው። የእኔዎቹ ተራ አልነበሩም፤ ከታች በኩል በቁልፍ የምትዞር ቀለበት አለቻቸው። ቀለበቷን ወደ ግራ ሲያዞሯት መኪናው ይለሰልሳል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ይጠነክራል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ዕቃዎቹን ከአዲስ አበባ ይዣቸው መጥቼ አራት ዓመት ሙሉ የሚመጥናቸው መኪና ስጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን መጣች። የአውራጃው ባለሥልጣን (ስሙን አልጽፍም፣ ልጆች አሉት) ደሴ ከአንድ ባላባት ልጅ የተወረሰች ባለ ሁለት በር ቀይ የጣሊያን መኪና አስመጣ። ራሱ እየነዳ ጋራዡ ግቢ ገባና ሞተሩን ሳያጠፋ አስጠራኝ።

"የውድድር መኪና ታውቃለህ ይሉኛል።"

"አውቃለሁ ጓድ።"

"በሚመጣው ሳምንት ከክፍለ ሀገር ትልቅ ሰው በአውሮፕላን ላሊበላ ያርፋል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እኔ ሜዳው ላይ ከዚህች ጋር ቆሜ መታየት አለብኝ። ጧት እዚህ ሥራዬን ፈርሜ ነው የምነሳው። ጂፑ ቀኑን ይጨርሳል። ይህቺ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ታደርሰኛለች?"

"መንገዱ ነው ጓድ የሚወስነው።"

"አይ፣ አንተ ነህ የምትወስነው።"

ከወልድያ በድልብ አቀበት ወጥቶ፣ በኩልመስክ አድርጎ ላሊበላ የሚገባውን የዚያን ዘመን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግማሹ ድንጋይ ነው፤ የቀረው እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው። ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚመረጠው ረጅምና ለስላሳ ሞላ ነው፤ ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ የተቀመጠው ሰው እንዳይወርድ። አጭርና ጠንካራ ሞላ የአስፋልት ነው። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ሞላ ለስላሳ ነበር። ከስሩ ወፍራም የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ከፍ ባደርጋት ይበቃት ነበር፤ ጥምዝ ላይ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ ሰውየውም ዘግየት ብሎ ይደርሳል እንጂ። አመዛዘንኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አላመዛዘንኩም። እቤት ሄጄ ሳጥኔን ከአልጋው ስር ጎተትኩት።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ሦስተኛው ቀን ባለሥልጣኑ እየነዳ ከከተማ ወጣ ብለን ሞከርናት። ፊቷ ሞተር ስላለበት መሬቱን ነክሶ ይሄዳል። ኋላዋ ግን ባዶ ነውና የተሸበሸበው መንገድ ላይ ስትደርስ እንደ ጠቦት ትዘላለች፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ አቃተው። አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

"ምንድን ነው መድኃኒቱ?"

እውነተኛው መልስ "ሞላውን እንመልሰው" ነበር። እኔ ግን "ክብደት ነው ጓድ" አልኩት። "ከኋላ ጎማ ወዲያ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ስድሳ ሰባ ኪሎ ቢገባበት ጸጥ ትላለች።"

"ምን ዓይነት ክብደት?"

በየጋራዡ የታወቀ አሠራር አለ። አዲስ ሞላ ወይም ባሌስትራ ሲገጠም እስኪረጋ ድረስ በአቅራቢያ ያገኘነውን ሰው ሁሉ መኪናው ላይ እንሰቅላለን፤ ድንጋይ ከመሸከም ይቀላል። ያን ቀን ልቤ አብጦ ስለነበር ቀለድኩ።

"ሌላው አሸዋ ይጭናል ጓድ። እኛ መካኒኮች ሰው ነው የምንጭነው። ሰው ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ኬሻ አሸዋ ሞልቼ፣ አፉን ሰፍቼ፣ ጋራዡ በር ላይ አስቀመጥኩት።

የጉዞው ቀን ጧት ኬሻዎቹን ልጭን ስል ባለሥልጣኑ "ተዋቸው" አለኝ። ሁለት ሚሊሺያዎች ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ቀጭን ሰው ከፊታቸው እየነዱ ገቡ። እጆቹ ከፊት ለፊት በገመድ ታስረዋል። ይማም ይባላል። ላሊበላ በቅሎ የሚያከራይ፣ ጭነትም የሚጭን ሰው ነው። ለወንበዴ እህል ጭነሃል ተብሎ ወልድያ ታስሮ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ላሊበላ ተወስዶ በሕዝብ ፊት እንዲጋለጥ ተወስኗል፤ በማግስቱ በጭነት መኪና ሊላክ ነበር።

"ሰባ ኪሎ ይሞላል?" አለኝ ባለሥልጣኑ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወደ ኋላው ወንበር ጠቆምኩ።

"ጓድ፣ የኋላው ወንበር ላይ ቢቀመጡስ?"

"ወንበሩ ከጎማው ወዲህ ነው። ከጎማው ወዲያ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ያኔ እኮ የቀለድኩት..."

"እኔ አልቀልድም" አለ። ቁጣ የለበትም፤ ሰዓቱን እያየ ነው የተናገረው።

ይማም እኔን አዩኝ። አለቃው እኔ መስዬአቸው እንደሆነ አላውቅም። "የት ነው የምገባው የኔ ጌታ?" አሉኝ። ዕቃ መጫኛውን ከፍቼ አሳየኋቸው። በጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጠፉ። ጥርቅም ካለ ይታፈናሉ ብዬ ለምኜ፣ ክዳኑን የጣት እርዝማኔ ያህል ከፍቼ በሽቦ አሰርኩት። ለእኚህ ሰው ያደረግሁላቸው መልካም ነገር ቢኖር ያቺ ክፍተት ናት፤ እሷም አቧራ አስገባችባቸው።

እሱ ነዳ፤ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ድልብ አቀበት ላይ ጥምዙ ስለበዛ አልፈጠነም። ደጋው ላይ ወጥተን መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ቀጥ ብሎ ሲታየው ግን እግሩን ጫነው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስንመታ ከኋላ ሁለት ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው የጎማው ነው። ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ድፍን ያለ ነው፤ የሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ይሰማኝ ጀመር።

መጀመሪያ "ያ አላህ" የሚል ድምፅ ይከተለው ነበር። ቆየት ብሎ "ቀስ በሉ ስለ አላህ" ሆነ። ቀጥሎ ማቃሰት ብቻ ቀረ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ሁሉ መካከል ጆሮዬ የኋላ ጎማዎቹን ያዳምጥ ነበር። አልዘለሉም። መኪናዋ መሬቱን ይዛ፣ ቀጥ ብላ፣ ልክ እኔ እንዳሰብኳት ትበር ነበር። በሆዴ "ተስተካከለች" አልኩ፤ ደስም አለኝ። ደስታው ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

"አየህ?" አለኝ ባለሥልጣኑ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ። "ከአሸዋ ይሻላል።"

ኩልመስክ ልንገባ ስንል አንድ የወጣ ድንጋይ ላይ በፍጥነት አለፍንና ኋላዋ ዝቅ ብሎ ከስሯ ያለው የጭስ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ ከድንጋዩ ጋር ተፋጨ። የጭስ ማውጫው ድምፅ ተለወጠ። ባለሥልጣኑ ፊቱ ጠቆረ። የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ አቆመ። የማኅበሩ ሰዎች ሻይ አፍልተው ይጠብቁት ነበር።

"ኋላዋን አጠንክራት" አለኝ ሲወርድ። "አሥራ አምስት ደቂቃ አለህ። ዳግም ድንጋይ ከነካች አንተን እሱ አጠገብ አስገባሃለሁ። ክብደት ከሆነ ክብደት ነው።"

ቁልፌን ይዤ በጀርባዬ ከመኪናዋ ስር ገባሁ። ኩልመስክ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከፊቴ በላይ፣ ስስ ቆርቆሮ ብቻ ለይቶን፣ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

"ማነው ከስር ያለው?"

"መካኒኩ ነኝ አባቴ።"

"ስምህ ማነው?"

"አበራ።"

"አበራ፣ እግሬ ጠፋብኝ። እስቲ እየው፣ አለ ወይ?"

"አለ" አልኩ። አላየሁም። ከስር ሆኜ ማየት አልችልም ነበር።

በዝግታ፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀሙ ነገሩኝ። "እኔ በጭነት ነው ያረጀሁ። በቅሎይቱ ጭነቱ ሲቆረቁራት ቆማ ታየኛለች። መናገር አትችልማ። ያኔ ገመዱን አላላላታለሁ። የዚህች ገመድ አይላላም የኔ ልጅ?"

ቁልፉ ቀለበቷ ላይ ተቀምጧል። ግራና ቀኝ ሁለቱም እኩል ቅርብ ናቸው፤ አንድ የክንድ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ግራ ሁለት ዙር ባዞራት እያንዳንዱ ጉድጓድ ግማሹን ያጣ ነበር። መኪናዋ ድንጋይ ትነካ ይሆናል። ላትነካም ትችላለች።

"ይላላል" አልኳቸው።

ቀለበቷን አዞርኳት። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ታሰማለች። እሳቸውም ሰሙት።

"እያላላኸው ነው?"

"አዎ አባቴ፣ እያላላሁት ነው።"

ወደ ቀኝ ነበር የማዞረው። ሁለት ዙር። ከዚያም ተንፏቅቄ ወደ ሌላኛው ጎማ ሄድኩና እዚያም ወደ ቀኝ ሁለት ዙር።

"አላህ ይስጥህ" አሉ ከላይ። "እንግዲህማ እችለዋለሁ። አብሽር።"

አብሽር የሚባለው ለተጨነቀ ሰው ነው፤ እሳቸው እኔን አበረቱኝ። ከስር ስወጣ የለበስኩትን ወፍራም ቱታ አውልቄ በክፍተቱ ላስገባላቸው አሰብኩ። ባለሥልጣኑ ሽጉጡን ታጥቆ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ቱታዬን ቆለፍኩት።

ከኩልመስክ በኋላ የሰው ድምፅ አልተሰማም። ያ ሁለተኛው፣ ድፍኑ ድምፅ ግን አልቀረም፤ ከበፊቱ ብሶ ነበር፤ ባጠነከርኩት ልክ። ባለሥልጣኑ ሁለት ጊዜ ትልልቅ ድንጋይ ላይ አለፈ፤ ማርሚታው አልነካም። ሞተዋል ብዬ አሰብኩ። ካሰብኩ አይቀር ሁሉንም ልንገራችሁ፦ ሞተው ከሆነ ውሸቴን የሚያውቅ የለም ብዬም አስቤያለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ስንደርስ ሰዓቱ ገና ነበር። ባለሥልጣኑ ኮቱን አራገፈ፣ ፀጉሩን በመስታወት አስተካከለ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

"ጓድ፣ አቡነ ዮሴፍ ላይ ደመና ወርዷል። አውሮፕላኑ ከመንገድ ተመልሷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮናል።"

ባለሥልጣኑ ወደ ተራራው አየ፤ ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ እኔን "ክፈተው" አለኝ።

ሽቦውን ፈታሁ። ይማም በሕይወት ነበሩ። እጃቸው የታሰረበትን ገመድ ነክሰውታል፤ ከአፋቸው ደም ወጥቶ አቧራው ላይ ደርቋል። "ተነሳ" አላቸው ባለሥልጣኑ። ከወገባቸው በላይ ለመነሳት ሞከሩ። ከወገባቸው በታች ምንም አልተነቃነቀም። ጥበቃውና አንድ ሚሊሺያ በብብታቸው ይዘው አወጧቸው፤ እግሮቻቸው ሣሩ ላይ ተጎተቱ። በአጠገቤ ሲያሳልፏቸው ባለሥልጣኑ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አሉኝ።

"ሲላላ ታውቆኛል። አላህ ጀዛህን ይክፈልህ።"

ከዚያ ወሰዷቸው። ባለሥልጣኑ የኋላ ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። "ሞላው ይቀመጥ" አለኝ። "ጥሩ መርጠሃል።"

የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቄ ከወልድያ ወጣሁ፤ ሳጥኑን ባዶውን እዚያው ጣልኩት። ይማምን ቆይቶ እንደፈቷቸው ሰማሁ፤ ሽባ ማሰር ለጠባቂም ሥራ ስለሚያበዛ ነው አሉ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ጎብኚዎችን ወደ ላሊበላ የምታመላልስ ሚኒባስ ያዝኩ። እንግዶቼ ተራራ ላይ ወዳለ ገዳም በበቅሎ መውጣት ፈለጉና ወደ በቅሎ አከራዮቹ ወሰድኳቸው። አንድ ሽማግሌ የበግ ለምድ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው በጋቢ ተሸፍኖ፣ ተራ ያስይዛሉ። ሁለት ቃል ተናግሬ ሳልጨርስ ቀና አሉ።

"አበራ ነህ?"

ፊቴን ያዩት ለአፍታ ብቻ ነበር። በድምፄ ነው ያወቁኝ።

መሸሽ ነበረብኝ። አልሸሸሁም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በቅሎ ጎታቾቹን ሁሉ ጠሩ። "ያ የምነግራችሁ ሰው ይህ ነው" አሏቸው። "ሰውየው ሽጉጥ ታጥቆ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ይህ ከመኪናው ስር ገብቶ አላላልኝ። እስከ ኩልመስክማ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ከኩልመስክ ወዲያ ግን እንደላላልኝ ሳውቅ ገመዱን ነክሼ ቻልኩት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ልጅ ታሪክ እንዲደገምለት እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ።

"ስንት ዙር ነበር ያላላህልኝ የኔ ልጅ?"

እዚያ ጋ መናገር እችል ነበር። ሽጉጥ የታጠቀ ማንም አልነበረም። ያኔ ያስፈራራኝ ሰው ሞቶ አጥንቱ የት እንዳለ አይታወቅም።

"ሁለት" አልኩ።

"ሁለት ዙር" አሉ ለሰዎቹ፣ ሁለት ጣታቸውን አንስተው።

አሁን አዲስ አበባ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ፈጣን መኪና ያላቸው ወጣቶች ይመጡና "ጋሼ፣ አጭርና ጠንካራ ሞላ ግጠምልን" ይሉኛል። በየትኛው መንገድ እንደሚነዱ እጠይቃለሁ። ቀጥዬም "ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። ካልመለሱልኝ አልገጥምም፤ ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ። አንዳንድ ወዳጆቼ ውሸቴ ሰውየውን እንዳቆያቸው ነግረው ሊያጽናኑኝ ይሞክሩ ይሆናል። እናንተም እንዲህ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁልፉን በየት በኩል እንዳዞርኩት አንብቡ። እኚያ ሰው የቆዩት በራሳቸው ጥርስ ነው። እግራቸውን የወሰደው ግን የእኔ እጅ ነው።

ያን ቀን ላሊበላ ዱዓ ሳያደርጉልኝ አልለቀቁኝም። በወሎ ደንብ ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ስሜን እየጠሩ መረቁኝ። "እንዳላላልኝ አላህ ያላላልህ። ጀርባዬን እንዳሰበልኝ ጀርባህን ይጠብቅልህ። የልጆችህ መንገድ ለስላሳ ይሁን" አሉ። በእያንዳንዱ ምርቃት መካከል ትንፋሽ ወስደው ይጠብቃሉ፤ ተመራቂው ራሱ ካልተቀበለ ወደሚቀጥለው አይሄዱም።

መዳፌን ዘርግቼ፣ እግራቸውን የሸፈነውን ጋቢ እያየሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ "አሚን" አልኩ።